ስለ ወይዘሮ ኖራ ቤትና ስለ ሌለችው እህቴ

ኖቬምበር 4 ቀን 1991

ለቶርንዴል ማዘጋጃ ቤት የቤቶች መምሪያ ዋና ኃላፊ
ለክቡር ሚስተር ጄፍሪ ሃርግሪቭ
(በእጅ የሚሰጥ፣ በእርስዎ ብቻ የሚነበብ)

አመልካች፦ ሂልዳ ክራብትሪ፣ ቤክ ጎዳና ቁጥር 14

ጉዳዩ፦ በስሜ የቤት ግዢ ጥያቄ ቢቀርብ የእኔ አለመሆኑን ስለማሳወቅ፤ የተከራዮችን ምስጢር ለውጭ ሰው የሚያወጣ ሠራተኛ እንዲመረመርልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

አስቀድሜ ይቅርታዎን እጠይቃለሁ። ይህን አቤቱታ እንደ ደንቡ በታችኛው ፎቅ መስኮት በኩል አላስገባሁም። ጸሐፊዎ «ለእኔ ይስጡኝ፣ አደርስልዎታለሁ» ብትለኝም እንደማልሰጣት ከወዲሁ ይወቁልኝ። እሷን ክፉ ናት ማለቴ አይደለም። ለማን መስጠት እንዳለብኝ ማወቅ ስላቃተኝ ነው።

1. እኔ አመልካች በዚህ ቤት መኖር የጀመርኩት በሙሽርነቴ ነው። ባለቤቴ ኧርነስት በሱፍ ፋብሪካው ሲሠራ ኖሮ ከጥቂት ዓመታት በፊት አርፏል። ተከራዮች የሚኖሩበትን የማዘጋጃ ቤት ቤት በቅናሽ እንዲገዙ የሚፈቅደው ሕግ የወጣ ጊዜ ኧርነስት ለመግዛት ቋምጦ ነበር። «ጣራው ሲያፈስ ማንን ልትጠራ ነው?» ብዬ ያስተውኩት እኔ ነኝ። በመንገዳችን የገዙ ሰዎች አሉ፤ በራቸውን ቀይ ቀብተው፣ የነሐስ ማንኳኪያ ገጥመው ሲያዩት ደስ ይላል። በእነሱ ላይ ምንም ቅሬታ የለኝም። የእኔ አቤቱታ ፈራሚው ሌላ፣ ገዢው ሌላ ስለሚሆንበት ሽያጭ ነው።

2. ፊት ለፊቴ ባለው ቁጥር 11 ወይዘሮ ኖራ ስኬልተን ትኖር ነበር። ባል የሞተባት፣ ልጅ የሌላት፣ ከእኔም በዕድሜ የምትበልጥ ሴት ናት። ሚስተር ኮሊን ፔሪሽ የሚባሉ ሰው ኬክ ይዘው ይመጡላት ጀመር። ንብረት የሚያስተዳድር ድርጅት አለኝ ይላሉ። ጫማቸው ሁልጊዜ ያበራል። «ቤቱን በስምዎ ይግዙት፣ ገንዘቡን እኛ እንከፍላለን፣ እርስዎ እስከ ዕለተ ሞትዎ ይኖሩበታል» አሏት። እኔም የዚያን ጊዜ «ኖራ፣ ሰው በከንቱ ኬክ አያመጣም» ብያት ነበር። «አንቺ ደግሞ ፖስታ ቤቱንም ትጠረጥሪያለሽ» ብላ ሳቀችብኝ። ፈረመች። ቤቱን መልሶ መሸጥ የሚከለክለው ጊዜ ሲያበቃ ሚስተር ፔሪሽ ለጤናዋ የማይስማማ ቤት መሆኑ ታወቃቸውና በሌላ ከተማ ወዳለ የአረጋውያን መጦሪያ ወሰዷት። እኔ ያን ቀን ሐኪም ቤት ነበርኩ። ስመለስ መጋረጃዋ ወርዶ፣ መስኮቱ ባዶውን ሲያየኝ አገኘሁት።

3. ባለፈው የጸደይ ወቅት ደግሞ ኬኩ ወደ እኔ ቤት መጣ። ሚስተር ፔሪሽን ኩሽና አስቀምጬ አዳመጥኳቸው።

«ሚስስ ክራብትሪ፣ ደረጃው ለጉልበትዎ አይከብድም?» አሉኝ። «መታጠቢያው ወደ ታች እንዲወርድልዎ ጠይቀው ሳይፈቀድልዎ ቀረ አይደል? ቤቱ የእርስዎ ቢሆን ማንን ያስፈቅዱ ነበር?»

ክቡር ሆይ፣ ስለ መታጠቢያው የተናገርኩት ለመሥሪያ ቤትዎ ብቻ ነው። ለጎረቤት አላወራሁም፤ ጉልበቴ ደክሟል ብሎ ማውራት አልወድም። ሰውየው ቤቱ ወደ እኔ ስም የዞረው ኧርነስት ሲሞት መሆኑንም፣ ከእኔ ጋር የሚኖር ሌላ ሰው አለመኖሩንም ያውቁ ነበር። ኬኩን ሳልቆርሰው ሸኘኋቸው። እሳቸው ከሄዱ በኋላ ግን የበሩን ሰንሰለት አጠለቅኩ።

ከእርስዎ ሠራተኞች መካከል ስለ እኔ ጉዳይ የማነጋግረው ሁለቱን ነው። አንዷ መስኮቱ ላይ የምትቀመጠው ማስቲካ የምታኝክ ልጅ ናት። ቀና ብላ ሳታየኝ «ቀጥሎ!» ትላለች። ሁለተኛው ቤት ለቤት እየዞሩ የሚጎበኙት ሚስተር ዴኒስ ኦርም ናቸው። ሚስተር ኦርም ጫማቸውን ጠርገው ይገባሉ፣ የኧርነስትን ጽጌረዳ ያደንቃሉ፣ ሻይ ሲቀዳላቸው ብድግ ብለው ይቀበላሉ። እውነቱን ለመናገር የጠረጠርኩት ልጅቷን ነው።

ስለዚህ ወደ መስኮቱ ሄጄ «ወንድሜ ከግሪምስቢ መጥቶ ከእኔ ጋር ሊኖር ነው» አልኳት። «ፎርም ይሙሉ» አለችኝና ፊቷን አዞረች። ሳምንታት አለፉ፤ ስለ ወንድሜ ማንም ትንፍሽ አላለም። ሚስተር ኦርም ለጉብኝት ሲመጡ ደግሞ ሻያቸውን ቀድቼ፣ እንደ ዋዛ፣ «እህቴ ቤሪል ከስኬግነስ መጥታ ከእኔ ጋር ልትኖር ነው» አልኳቸው። «እንኳን ደስ አለዎት፣ ብቸኝነት ከባድ ነው» ብለው እጄን ጨበጡኝ።

ሚስተር ፔሪሽ በዚያው ሳምንት ተመልሰው መጡ። ገና ኮታቸውን ሳያወልቁ፣ «እህትዎ ከመምጣታቸው በፊት ብንጨርሰው ይሻላል፤ ሌላ ሰው ከገባ ነገሩ ይወሳሰባል» አሉኝ።

«የትኛዋ እህቴ?» አልኳቸው።

«ከስኬግነስ የሚመጡት ናቸዋ!»

እናቴ ከእኔ ሌላ ሴት ልጅ አልወለደችም። ስኬግነስም ዘመድ የለኝም። የመስኮቷን ልጅ በከንቱ ስላማኋት እዚህ ላይ ስሟ እንዲጸዳልኝ እለምናለሁ፤ ማስቲካውን ግን ብትተወው መልካም ነው።

4. እስከዚህ ድረስ ቢሆን ኖሮ ወዲያው በመጣሁ ነበር። ያዘገየኝ የልጅ ልጄ ጉዳይ ነው።

ጁሊ ሕፃን ልጇን ክሬግን ይዛ በባሕር ዳር ባለ አሮጌ ፔንሲዮን አንድ ክፍል ውስጥ ነበረች። ያስቀመጣት መሥሪያ ቤትዎ ነው። ሕፃኑ ሲያስል ከግድግዳው ማዶ ያለው ሰው በጡጫ ይደበድባል። ቤት ለማግኘት ተራዋን ስትጠብቅ ኖረች፤ መልሱ ሁልጊዜ «የለም፣ ተሸጠው አልቀዋል» ነው። እኔ ዘንድ እንዳትሆን ደግሞ ከእኔ ጋር ከገባች ቤት አላት ተብሎ ከተራዋ ትሰረዛለች አሏት።

በሴፕቴምበር ስልክ ደወለች። «እማማ! ቤት ሰጡኝ! አታምኚም፣ አንቺ መንገድ ላይ ነው!»

«ቁጥር ስንት?»

«አሥራ አንድ።»

ስልኩን ይዤ በመስኮት ወደ ማዶ አየሁ። ማዘጋጃ ቤቱ የራሱን ቤት ሸጦ፣ ቤት አጣሁ ብሎ ያንኑ ቤት ከሚስተር ፔሪሽ ድርጅት ተከራይቶ የልጅ ልጄን አስገባበት። ስንት እንደሚከፍሉላቸው እርስዎ ያውቁታል፤ እኔ መስማትም አልፈልግም። እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ጥያቄ ነው። በከተማው ውስጥ ካለው ቤት ሁሉ ለምን ያ ቤት? ለምን ያን ጊዜ? አጋጣሚ ነው ሊሉኝ ይችላሉ። ቢሆንልኝ ደስ ባለኝ።

ጁሊ ዕቃዋን ሳትፈታ ሚስተር ፔሪሽ በሬን አንኳኩ። ያን ቀን ኬክ አልያዙም።

«ጁሊ ሰፈሩን ወዳዋለች አሉ። ደስ ይላል። ከማዘጋጃ ቤቱ ጋር ያለን ውል በየወሩ የሚታደስ ሆነ እንጂ…»

«እንጂ ምን?»

«ኧረ ምንም። ጎረቤት ለጎረቤት ቢተሳሰብ ጥሩ ነው ማለቴ ነው።»

የግዢ መጠየቂያውን ፎርም ጠረጴዛዬ ላይ ትተው ወጡ።

ለጁሊ ነገርኳት። ተቆጣች። «ፈርሚላቸውና እንገላገል! ለልጄ ፀሐይ የሚያሞቀው ክፍል አገኘሁ፣ አንቺ ደግሞ እዚያ ላይ ክርክር ልትጀምሪብኝ ነው? ሁሉም እየገዛ ነው። አንቺ ብቻ ምን ሆነሽ ነው?» አለችኝ። ሌሊቱን ብዕሩን አንስቼ ነበር፤ ክቡር ሆይ፣ ይህን አልደብቅዎትም።

በማግሥቱ ግን «መጀመሪያ ኖራን እንያት» አልኳት። በአውቶቡስ ሄድን። ኖራ ከብዙ ሰው ጋር ቴሌቪዥን ፊት ተደርድራ ተቀምጣለች። እኔን አወቀችኝ። ብዙም ሳትቆይ፣ «ቤቴ ውስጥ ማን ገባ?» አለች።

ልዋሽላት አስቤ ነበር። ጁሊ ቀደመችኝ። «እኔ ነኝ» አለች።

ኖራ ጁሊን አየቻት፣ እቅፏ ውስጥ ያለውን ሕፃንም አየችው። ከዚያ፣ «የኋላው መስኮት መጀመሪያ ከፍ፣ ቀጥሎ ገፋ ሲያደርጉት ነው የሚከፈተው። ታግለሽ እንዳትሰብሪው፤ ለሕፃኑ አየር ያስፈልገዋል» አለቻት።

ስለ ፈረመችባቸው ወረቀቶች ጠየቅኳት። ሁለት ነበሩ። አንደኛው የማዘጋጃ ቤቱ መሆኑን ታውቃለች። «ሁለተኛው ለጣራው ጥገና ነው ብሎኛል» አለች። መነጽሯን ያን ቀን ማግኘት አልቻለችም ነበርና ሚስተር ፔሪሽ ናቸው ያነበቡላት። ቤቱን ለድርጅታቸው ያስተላለፈው ይኸው ሁለተኛው ወረቀት ይመስለኛል። ይህንኑ በእርስዎ ፊት ለመናገር ፈቃደኛ ናት፤ የሚያመጣት መኪና ብቻ ይፈልጋል።

ጁሊ በመመለሻው አውቶቡስ ላይ ፊቷን ወደ መስታወቱ አዙራ አለቀሰች። ስንደርስ ወደ ቁጥር 11 አልገባችም። ተከትላኝ መጥታ ፎርሙን ከጠረጴዛው ላይ አነሳችና ቀደደችው። «በይ ተናገሪ፣ እኔ እጽፍልሻለሁ» አለችኝ። ይህን የሚያነቡትን የጻፈችው እሷ ናት።

ስለዚህ ክቡርነትዎን የምለምነው፣ በስሜ የቤት ግዢ ጥያቄ ቢደርስዎ፣ ፊርማው የእኔን ቢመስልም እንኳ፣ እኔው ራሴ ፊትዎ ቆሜ አዎ ካላልኩ በስተቀር የእኔ ነው ብለው እንዳይቀበሉት ነው። ሚስተር ኦርም ስለ ሌለችው እህቴ ለማን እንደነገሩ እንዲጠየቁልኝ፣ ከዚህ ቀደምም የስንት አረጋውያንን የጓዳ ምስጢር እንዳወጡ እንዲጣራ እጠይቃለሁ። የወይዘሮ ኖራ ሽያጭ ሕግ በሚያውቅ፣ ከሚስተር ፔሪሽ ጋር ሻይ ጠጥቶ በማያውቅ ሰው እንዲመረመርም እለምናለሁ።

ለጁሊ ከሌላው ሰው ተራ እንዲቀደምላት አልለምንም። በእኔ አቤቱታ ምክንያት ግን ወደዚያ ፔንሲዮን እንዳትመለስ አደራ እላለሁ። ይህን ስንጽፍ ምን ልታጣ እንደምትችል ታውቃለች። እኔ ሦስት ጊዜ «እንተወው?» ብያታለሁ። ሦስቱንም ጊዜ «ቀጥዪ» አለችኝ።

እርስዎንም ፈጽሞ አልጠረጠርኩም ብል ውሸት ይሆንብኛል። አላውቅዎትም፤ ፊትዎን ያየሁት በግድግዳ ላይ ባለ ፎቶግራፍ ነው። ቢሆንም የሆነ ቦታ ላይ አንድ ሰው ማመን ግድ ሆነብኝ፣ እርስዎን መረጥኩ። መልሱን ቤቴ መጥተው በቃል ቢነግሩኝ እመርጣለሁ። ሻይ አፈላለሁ። በሩን መጀመሪያ ሰንሰለቱን ሳላወልቅ ብከፍትልዎ ግን እንዳይቀየሙኝ።

ከአክብሮትና ከሰላምታ ጋር

ሂልዳ ክራብትሪ (ፊርማ)
ቤክ ጎዳና ቁጥር 14፣ ተከራይ

ስትናገር ሰምቼ የጻፍኩ፣ ስለ እውነትነቱም የምመሰክር፦
ጁሊ ክራብትሪ (ፊርማ)
ቤክ ጎዳና ቁጥር 11፣ በወይዘሮ ኖራ ስኬልተን ቤት