ሙት ዓመትህ ያለ ድንኳን

ታድዬ፣

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ነገር በትክክል እንድትረዳልኝ እፈልጋለሁ። ልጃችን ቁማር አልተጫወተም፤ በመጠጥም በሴትም ገንዘብ አላጠፋም። ዕዳ ውስጥ የገባው አንተን በክብር ለመቅበር ብሎ ነው። ይህን ሳትይዝ ወደሚቀጥለው አትለፍ፤ ካለፍክ ትፈርድበታለህ።

ከተለየኸን አሥር ወር ሆነ። ሙት ዓመትህ እየመጣ ነው፤ የምጽፍልህም በእሱ ምክንያት ነው። ደብዳቤውን ሌላ ሰው ቢያነበው ቅር አይለኝም። እዚህ ሪያድ ውስጥ እንደ ልጃችን እንደ ናቲ ተምረው፣ ጥሩ ደመወዝ እያገኙ፣ ለማንም ሳይናገሩ በካርድ ዕዳ የታነቁ የወዳጆቻችን ልጆች እንዳሉ አሁን ገብቶኛል።

ቤታችንን ብታየው አታውቀውም። ሰፊውን ለቀን እዚያው ሺፋ ሰፈር ውስጥ ሁለት ክፍል ተከራይተናል። ዓርብ ዓርብ ጠዋት እያጠብክ የምታበራት መኪና ተሸጣለች፤ ናቲ ወደሚሠራበት ሆስፒታል የሚሄደው በባልደረባው መኪና ተዳብሎ ነው። ልጆች የማስጠናበት ነጭ ሰሌዳ ግን አልተሸጠም፤ የሳሎኑን አንድ ግድግዳ ይዟል። ያንተንም ስልክ አልዘጋሁትም። ቻርጅ እያደረግሁ ቴሌቪዥኑ አጠገብ አስቀምጠዋለሁ። ለምን እንደሆነ አትጠይቀኝ። ነገሩ ሁሉ የወጣው ግን በእሱ ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ምስር እየለቀምኩ ስልክህ ጮኸ። ሳህኑ ከጭኔ ወደቀ። ሳነሳው አንድ ወጣት በዐረብኛ «አቡ ናትናኤል?» አለኝ፤ የናትናኤል አባት ማለቱ ነው። ባለቤትህ መሆኔንና አንተ ማረፍህን ነገርኩት። «አላህ የርሐሙ፣ ነፍሱን ይማር» አለና ትንፋሽ እንኳ ሳይወስድ፣ «ልጁስ የት ነው? ለምን ስልኩን አያነሳም?» አለ። ከባንክ ነው። ናቲ ሥራ እንደጀመረ የመጀመሪያውን ካርድ ሲያወጣ፣ እሱ ቢጠፋ የሚጠየቅ ሰው ብሎ ያስመዘገበው ያንተን ቁጥር ኖሯል። ሰውየው ዝርዝር አልነገረኝም። «ጉዳዩ ወደ ፍርድ ቤት ከመሄዱ በፊት ይደውልልን» ብቻ ብሎ ዘጋ።

ፍርድ ቤት ማለት እዚህ አገር ምን እንደሆነ አንተ ታውቃለህ። ከአገር መውጣት ይታገዳል፤ መንግሥት ዘንድ የሚያስጨርሱት ጉዳይ ሁሉ ይቆማል። የእኔ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ደግሞ ካንተ በኋላ የተዛወረው በእሱ ስም ነው። የእሱ ወረቀት ከተሰናከለ የእኔም አብሮ ይወድቃል።

ናቲ ከሥራ ሲመለስ ምግብ አላቀረብኩለትም። ስልክህን ጠረጴዛው ላይ አድርጌ፣ «ባንክ ለአባትህ ደውሎ ነበር» አልኩት። አንድ ጫማውን እንዳወለቀ በሩ ሥር ቆሞ ቀረ።

«እማ፣ እኔ እጨርሰዋለሁ፤ አንቺ አታስቢ።»

«ስንት ካርድ ነው?»

«ሁለት።»

ዝም አልኩ። ክፍል ውስጥ ዝም ስል ተማሪዎቼ ምን ይሆኑ እንደነበር ታስታውሳለህ።

«አራት» አለ።

የመጀመሪያው ካርድ አስከሬንህን የጫነው አውሮፕላን፣ ሳጥኑ፣ የሁለታችን ትኬት ነው። አገር ቤት ስንደርስ ድንኳኑ፣ በሬዎቹ፣ ቆይቶም ተዝካሩ በሁለተኛው ተከፈለ። ሦስተኛው የተወሰደው ሁለቱን ለመክፈል ነው። አራተኛው ደግሞ ሦስተኛውን። በየወሩ ባንኩ የሚጠይቀውን ትንሹን ክፍያ እየጣለ «ከፈልኩ» ይል ነበር። ሰሌዳው ላይ ራሱ እንዲያሰላው አደረግሁት። ከሚከፍለው አብዛኛው ወለዱን እንጂ ዋናውን አይነካም። ባንኩ ለወለዱ ሌላ የሚያምር ስም አውጥቶለታል፤ ስሌቱ ግን ያው ነው። የሆስፒታል መሣሪያ ፈታትቶ የሚገጥም መሐንዲስ ልጅህ፣ ቁጥሮቹ ፊት ቆሞ ላቡ በአንገቱ ወረደ።

«ለምን አልነገርከኝም?» ስለው፣ «ምን ብዬ? አባዬን በዱቤ ቀበርኩት ልበልሽ?» አለኝ።

ይህ ሁሉ እንዳይሆን የሚያደርግ ሰው ግን በዚያን ቀን ደጃችን መጥቶ ነበር። ሹመይሲ ሆስፒታል ውስጥ ባረፍክበት ቀን ማለቴ ነው። ባጥሐ ሰፈር ልብስ የሚሰፋው ከድር፣ ወዳጅህ፣ ከሦስት ሰዎች ጋር መጣ። የአገር ልጅ እዚህ በሞተ ቁጥር አንተና እሱ ሱቅ ለሱቅ እየዞራችሁ አስከሬን ማሳፈሪያ ስትሰበስቡ ስንት ዘመን ኖራችሁ! የማታውቁት ሰው ሳይቀር። ከድርም መሰብሰብ ጀምሮ ነበር። ናቲ ግን ግቢው ውስጥ አስቆመው።

«ጋሽ ከድር፣ አባቴ ለሰው ይሰበስብ ነበር እንጂ አይሰበሰብለትም። እኔ አለሁ።»

«ልጄ፣ ይሄ እኮ ልመና አይደለም። ራሱ ሲያዋጣ የኖረው ነው።»

«አመሰግናለሁ። ኸላስ፣ በቃ።»

ከድርም ባጥሐ ተመልሶ የእያንዳንዱን ሰው ገንዘብ በእጁ አስረከበ። ሰዉ ያንተን ውለታ ልመልስ ብሎ የጠበቀውን አንድ ቀን ልጅህ ዘጋበት። እኔ በዚያን ሰዓት የሚባለውን ሁሉ ከሩቅ እንደሚሰማ ሰው ነበርኩ፤ ነገሩን የተረዳሁት በኋላ ነው።

እንግዲህ ዕዳው ከታወቀ ወዲህ ከናቲ ጋር ዓርብ ዓርብ የሂሳብ ትምህርት ጀመርን። መጀመሪያ አራቱንም ካርዶች በመቀስ ቆራረጠ፤ እኔ አልነካኋቸውም፣ እጁ እንዲያውቀው ፈለግሁ። መኪናዋን ሸጠ፣ ቤት ቀየርን። ከዚያ ባንኩ እንደገና እስኪደውል ሳይጠብቅ ራሱ ሄደ። የመጀመሪያ ቀን ባዶ እጁን መለሱት። ሁለተኛ ሄደ፤ አለቃው የለም ተባለ። ሦስተኛ ሲሄድ የሦስቱን ካርድ ዕዳ በየወሩ እንዲከፍል ከፋፈሉለት። አራተኛው የሌላ ባንክ ነው፤ ወለዱም የከፋው እሱ ነው። እነሱ እንቢ አሉ። እስከ ወሩ መጨረሻ ሙሉውን ካላመጣ እንከሳለን አሉት። የመኪናዋ ገንዘብ ግማሹን እንኳ አልሞላም። 

«ወደ ከድር እንሂድ» አልኩት።

«የእሱን ፊት ማየት አልችልም።»

«እሱ ግን ያንተን ማየት ይችላል» ብዬ ጫማዬን አደረግሁ።

ከድር ማሽኑን ሳያቆም ቀና ብሎ አየንና፣ «ማሻአላህ! ‹እኔ አለሁ› ባዩ መጣ እንዴ?» አለ። አብረውት የሚሠሩት ሳቁ። ናቲ አንገቱን ደፋ፤ ይቅርታ ሊል ሲጀምር ከድር በእጁ አቋረጠው። «ተው፣ ተው፣ ቁጭ በል። ሻይ ጠጣ መጀመሪያ።» ከዚያ ሁሉን ሰማ። ሰምቶ ሲጨርስ ወደ ዕቁቡ ወሰደው። አንተ ዳኛ የነበርክበት ዕቁብ ነው፤ ሾፌሮች፣ የጽዳት ሠራተኞች፣ የቤት ሠራተኞች ያሉበት። «ደንቡን ያወጣው አባትህ ነው» አለው። «የጨነቀው ይቀድማል። ግን ዋስ ግድ ነው። ዋስህ ማነው?»

መልሱን ሳይጠብቅ ራሱ ከድር መለሰ።

«እኔ ነኛ! ማን ሊሆን ኖሯል? ወላሂ፣ አንድ ወር ብታጎድል ይህን ማሽን ነው ከሥሬ የሚወስዱት።»

የዚያ ወር ዕጣ የወጣላት አንዲት የሰው ቤት ሠራተኛ ነበረች፤ እናቷን ለማሳከም የምትጠብቀው ገንዘብ ነው። ለቀቀችለት። «ወንድሜ፣ እኔ እታገሣለሁ» አለችው፤ «አንተ ግን እንዳታታግሠኝ።» ሁለቱን ነገር በአንድ ትንፋሽ ነው ያለችው።

አራተኛው ካርድ በዚያ ገንዘብ ተዘጋ። ክሱም ቀረ። ዕቁብ ወለድ የለውም፣ ግን ዕዳ ነው። አሁን በየወሩ ሦስቱን ክፍያና ዕቁቡን ከከፈልን በኋላ የሚቀረን ለቤት ኪራይና ለምግብ ብቻ ነው። አንድ ነገር ከተጨመረበት ይፈርሳል።

የሚጨመረው ነገር ባለፈው ሳምንት መጣ። ታላቅ እህትህ እትዬ ብርቄ ከደብረ ብርሃን ደወሉ። በሕልማቸው መጥተህ፣ ጥግ ላይ ቆመህ፣ «ረሱኝ፣ ራበኝ» አልካቸው አሉ። «ሪያድ የኖረ ሰው ሙት ዓመቱ ያለ ድንኳን ሊያልፍ ነው? አገሩ ምን ይላል?» ስልኩ ድምፁ ከፍ ብሎ ስለነበር ናቲም ሰማው። ፊቱ አመድ መሰለ። ከዚያ ወዲህ እህል ሲቀርብለት ይገፋዋል።

እንዳጋጣሚ ሆኖ በዚያው ሳምንት ካንድ ባንክ መልእክት ገባለት። አዲስ ካርድ ተፈቅዶልዎታል፣ እንኳን ደስ አለዎት ይላል። አሳየኝ። አላጠፋውም።

«እማ፣ አንድ ጊዜ ብቻ። አባዬ እኮ ነው።»

አልጮህኩበትም። ማርከሩን ሰጥቼ ወደ ሰሌዳው ሰደድኩት። ድንኳኑን፣ በሬውን፣ ጠላውን፣ ትኬቱን ጻፈ። ከሥሩ በየወሩ የሚወጣውን ደረደረ። ዕቁቡ ጋ ሲደርስ እጁ ቆመ። «የጋሽ ከድር ማሽን» አለ።  ማርከሩን ከደነውና፣ «ዓርብ ለእትዬ ደውዬ ቁርጡን እነግራቸዋለሁ» ብሎ ክፍሉ ገባ። ቁርጡ የትኛው እንደሆነ አልነገረኝም። መልእክቱም አሁን ድረስ ስልኩ ውስጥ አለ፤ ትናንት ምሳ አቅርቤለት ሳይነካው ከፍቶ ሲያየው አይቻለሁ።

እኔ በበኩሌ ወስኛለሁ። በተቀበርክበት ቤተ ክርስቲያን ጸሎቱ እንዲደርስልህ መገበሪያና ጧፍ እልካለሁ፤ እሱን ከቤት ወጪ አብቃቅቼ አግኝቻለሁ። ድንኳን አይተከልም፣ በሬ አይታረድም። ልጁን ግን በእናትነት አስገድጄ «እሺ» ባሰኘው፣ ዕድሜ ልኩን አባቴን አስርቤዋለሁ ብሎ ይኖራል። ይህን ነው የምፈራው። ከካርዱ የሚያወጣው ስሌት አለ፤ ከዚህኛው የሚያወጣው ግን ያንተ ቃል ብቻ ነው።

አንድ ነገር ትዝ ይለኛል። ለአንድ ሟች የሰበሰባችሁት ከማሳፈሪያው ተርፎ፣ ዘመዶቹ ለድግስ ይሁን አሉ። አንተ እግርህ አብጦ፣ ምንጣፉ ላይ ተዘርግተህ፣ በስልክ ስትከራከራቸው ሰምቻለሁ። «ድንኳን ሲነቀል የሚቀረው የካስማው ጉድጓድ ነው፤ ገንዘቡ ለልጆቹ ትምህርት ይሁን» አልክ። አኮረፉህ፤ ግን እንዳልከው ሆነ። ስለዚህ መልስህን የማውቅ ይመስለኛል። ነገር ግን ግምት መልስ አይደለም፤ ከተማሪዎቼም ተቀብዬ አላውቅም።

አልረሳንህም፣ ታድዬ። ልጅህም አልረሳህም። በየዓመቱ በዕለትህ ስምህ ይጠራል፤ ናቲም ዕቁቡን በከፈለ ቁጥር ባንተ ደንብ ይኖራል። ቅር ያለህ ነገር ካለ ግን ደብረ ብርሃን ድረስ ሄደህ ለእትዬ ብርቄ አትንገር። የሠላሳ ዓመት ሚስትህ እኔ ነኝ። አዲሱ ቤት እዚያው ሺፋ ነው፣ አይጠፋህም። ለእኔ ካልሆነም ለልጁ በሕልሙ ተገለጥለት፤ ራበኝም በል፣ ጠግቤያለሁም በል፣ ብቻ አንተ ራስህ በል። ዓርብ ሳይደርስ ና። እባክህ ቶሎ መልስልን።

ወይንሸትህ