የሐጂ ነስሩ በርበሬና ሁለቱ ሳጥኖች

ሰኞ፣ መስከረም 12 ቀን 1962፣ ቡታጅራ

የሳጥኖቹ ወረቀቶች ለቀቁ። ለመስቀል ቤቱን ስለቀልቅ ዕቃውን ሁሉ አውጥቼ አጠብኩ፤ የተከራዬን የተማሪውን ሁለት የዝንብ ሳጥኖችም በእርጥብ ጨርቅ ወለወልኩ። በአንዱ ላይ «የመከኑ»፣ ለማወዳደሪያ ባስቀመጠው በሌላው ላይ «ያልመከኑ» ይል ነበር። በሊጥ መልሼ ለጠፍኳቸው። በግምት።

ተከራዬ ገብሬ የአረቅጥ ልጅ ነው፤ አዲስ አበባ ባለው ዩኒቨርሲቲ ስለ ነፍሳት ያጠናል። ከባሕር ማዶ በፍራፍሬ ጭነት የመጣች ዝንብ በርበሬያችን ውስጥ እንቁላል ትጥላለች፤ ትሉ ከውስጥ ይጨርሰዋል። ገብሬ ዝንቦችን በጨረር አምክኖ ይለቃል። ሴቷ ከመካን ወንድ ጋር ከተገናኘች እንቁላሏ አይፈለፈልም። መርዝ የለበትም። ክፍሉን የሰጠሁትም ለዚህ ነው።

ማክሰኞ 13

ገብሬ ሳጥኖቹን ከፈተ። ዝንቦቹ ገና ክንፍ አላወጡም፤ በሁለቱም ውስጥ ያሉት የገብስ ቅንጣት ይመስላሉ። «እትዬ፣ ቤቱ አማረበት» አለኝ። ልነግረው አስቤ ራት አቀረብኩለት።

ጎረቤቴ ሐጂ ነስሩ መጥተው ሳቁበት። «ዝንብ ለማጥፋት ዝንብ? ሌባ ፈርቼ ሌላ ሌባ ማሳዬ ላሳድር?» ግን ፈቀዱለት። ያላቸው ያ የበርበሬ ማሳ ብቻ ነው።

ረቡዕ 14

«የመከኑ» የሚለውን ሳጥን ማሳው ላይ በተነው። ዝም አልኩ።

ያኔም ዝም ብያለሁ። ለዘር በመርዝ የታሸውን በቆሎ ቀቅዬ ለባሌ ያበላሁት እኔ ነኝ። ሳላውቅ ነበር፤ ከሞተ በኋላ ግን አወቅሁ። ለቀስተኛው «ቁርጠት ነው» ሲል ራሴን ነቀነቅሁ።

ሐሙስ 15

ነገርኩት። ፊቱ ዐመድ መሰለ። «ትናንት ለምን አልነገሩኝም?» ነጠላዬን አነሳሁ።

ወደ ማሳው ሮጠን ሄድን። ከአፈሩ ከለቀምናቸው ግማሾቹ ባዶ ቅርፊት ናቸው። ዝንቦቹ በረዋል።

ለሐጂም ራሴ ነገርኳቸው። ቆባቸውን አውልቀው ራሳቸውን አከኩ። «እቤት የቀሩትስ?»

«አሳድጋቸዋለሁ» አለ ገብሬ። «እንቁላላቸው ትል ካወጣ፣ ያልመከኑት እቤት ያሉት ናቸው፤ ማሳው ተረፈ። ካላወጣ ግን...» አልጨረሰውም።

ማክሰኞ 27

ሐጂ በየማለዳው ከመስጊድ ሲመለሱ በደጄ ያልፋሉ።

«ደስታ፣ ትል አለ?»

«የለም፣ ሐጂ።»

«ዕድሜዬን ሙሉ ትል አጥፋልኝ ስለው ኖሬ፣ ዛሬ ትል ስጠኝ ስለው አላህ ምን ይለኛል?» ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም።

እቤት ያደጉት ዝንቦች እንቁላል ከጣሉ አራተኛ ቀን ነው። በሦስት ቀን ይፈለፈላሉ ተብሎ ነበር። በማጉያ መስታወቱ አየኋቸው፤ ንቅንቅ አይሉም። ገብሬ ብርዱ አዘግይቷቸው ነው ይላል። ይህን ሲል ግን አያየኝም።