በባዶው መስጊድ ደጃፍ ያለው ጥንድ ጫማ

ለቡርሳ ከተማ ሕዝብ፣ ለወዳጅም ለጠላትም። እጅግ ከባድና መሪር ዜና ስለሚነገር የቆማችሁ ተቀመጡ፣ የተቀመጣችሁም ወሬ አቁሙ። የሟቹ የኮርቻ ሰፊ ልጅ ፈህሚ ሊሞት ነው። ሐር ፈታዮች ሥራ እንዳያቆሙ፣ ዳቦ ቤቶችም እንዳይዘጉ ሟች ፈህሚ ራሱ ፈቅዷል።

እኔ ፈህሚ፣ ሳንባዬ ቢታመምም አእምሮዬ ጤነኛ ሆኖ፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ በአዲሱ የፈረንጅ አቆጣጠር በ1928 ዓመት፣ በኅዳር ወር፣ በዕለተ ኀሙስ፣ በእናቴ ቤት ተኝቼ ይህን ቃሌን ተናዝዣለሁ። የሚጽፉልኝ የአረንጓዴው መስጊድ ኢማም ታህሲን ሆጃ ናቸው። እኔ የድሮውን ፊደል ሳልጨርስ ከትምህርት ቤት ወጣሁ፤ አሁን መንግሥት አዲስ ፊደል ስላወጣ አገሩ ሁሉ ከእኔ እኩል መሃይም ሆኗል። ይህን ሳላይ አለመሞቴ ደስ ብሎኛል።

“ይህንንም ልጻፈው?” አሉ ሆጃ።

“የተናዛዥ ቃል አይቀነስም፣ ሆጃ። ይጻፉት።”

አውራ ዶሮዬን ለታህሲን ሆጃ ሰጥቻለሁ። ጎህ ሲቀድ ይተኛል፣ በጠራራ ፀሐይ ይጮኻል፤ ከእርሳቸው ጋር ሲከርም ሥርዓት ይማር ይሆናል። ብሩሾቹንና የቀለም ሣጥኑን ለመምህሬ ለሠዓሊው ለሳፌት ኡስታ መልሻለሁ፤ መጀመሪያም የእርሳቸው ነበሩ፣ እኔ የብሩሾቹን ጠጉር ብቻ ነው የጨረስኩት። የሱፍ ብርድ ልብሴ ለታላቅ እህቴ ለኢክባል ይሁን። ልጆች ሳለን ስትገፍፈኝ ስለኖረች አሁን በሕግ ትውሰደው፤ ነገር ግን በፈላ ውሃ ሳታጥበው እንዳትለብሰው።

ስሞት ጫማዬ እንደ አገሩ ወግ ከደጅ ይቀመጥና የሚያልፍ ችግረኛ ይውሰደው። ውሃ እንደሚያስገባ አስቀድሞ ይነገረው፤ ሰው በሙት ጫማ መታለል የለበትም። ለነፍሴ ጣፋጩ ሐልቫ ሲቆላም ስኳር አይቆጠብ።

አሁን ወደ ሥዕሉ እመጣለሁ።

ሥዕሉ የአረንጓዴው መስጊድ ውስጡ ነው። ሳፌት ኡስታ ክረምቱን ሙሉ ምንጣፉ ላይ ተቀምጠው ሠሩት፤ አረንጓዴውን የሸክላ ግድግዳ፣ መሐል ያለውን የውሃ ገንዳ፣ ከጉልላቱ የሚወርደውን ብርሃን። ሰው አንድም የለበትም። “ሰው ካለበት ዓይን ሰውየው ላይ ይቀራል፤ እኔ ብርሃኑን እንዲያዩልኝ ነው የምፈልገው” ይሉ ነበር። ታዲያ አንድ ቀን ለሶላት ሲነሡ፣ እኔ በሥዕሉ ደጃፍ፣ ከእብነ በረዱ ላይ፣ አንድ ጥንድ ጫማ ሣልኩ፤ አፍንጫው ወደ ውስጥ የዞረ፣ የግራው ተረከዝ በቀይ ቆዳ የተጠገነ። ለማናደድ ነበር፤ ተናደዱም። ሊያጠፉት ብሩሽ እንዳነሡ እናቴ ምሳዬን ይዛ ገባች።

ያ ጫማ የወንድሜ የበህቼት ነው። ለጦርነቱ ሲጠራ የወታደር ጫማ ስለተሰጠው የራሱን ጫማ እቤት ትቶ ሄደ። አልተመለሰም። ሞቷል ብሎ የነገረን የለም፣ ሬሳውን ያየም የለም። ስለዚህ ጫማው ለደጅ አልወጣም፤ እናቴ ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀምጣ ዓርብ ዓርብ ሰም ትቀባዋለች። ጎረቤቱ “አውጪው፣ ነፍሱ ትረፍ” ይላታል። ኢክባልም ትላታለች። “ተዉአት” የምል እኔ ብቻ ነኝ።

እናቴ ሥዕሉ ፊት ቆመች። ቀዩን ጥገና አይታ፣ “ወደ ውስጥ ገብቷል፤ ገና አልወጣም” አለች። ሳፌት ኡስታ ብሩሹን አስቀመጡ። “ተበላሽቷል፣ ውሰደው” ብለው ሥዕሉን ለእኔ ሰጡኝ።

አሁን አንድ የሐር ነጋዴ ጫማው ከላዩ ከጠፋለት ሥዕሉን ሊገዛው ይፈልጋል። ኡስታም ለማጥፋት እጃቸው ይበላቸዋል።

“እማዬ ክረምቱን በምን ልትሞቅ ነው?” አለች ኢክባል፣ ከእግሬ ሥር ተቀምጣ። “አንተ እንደሆነ ትሄዳለህ፤ ማገዶ የምሸከመው እኔ ነኝ። ሥዕል አይነድም።”

“ይነዳል እንጂ፣ እህት ዓለም። ቶሎ ያልቃል እንጂ።”

“ልትሞት ስትል እንኳ አታርፍም?” ብላ አለቀሰች።

ልክ ናት፤ ይህም ይጻፍልኝ። እንግዲህ ለማገዶው በጓሮ ያለው፣ ድርሻዬ የሆነው፣ የሐር ትል የሚመገበው የእንጆሪ ዛፍ ይቆረጥ። ከላዩ ወድቄ ክንዴን ሰብሮኛልና አላዝንለትም። ሥዕሉ ግን የእናቴ የናዚሬ ነው። እሷ በሕይወት ሳለች አይሸጥም፣ ጫማውም አይጠፋም። በቁም ሣጥን ያለውን እሷ ካላለች ማንም ለደጅ አያወጣውም። እኔ ስሄድ “ተዉአት” የሚል ሰው ስለማይኖር ይህ ወረቀት ይበልላት።

ኡስታ በምስክርነት እንዲፈርሙ ጠየቅኋቸው። ብዕሩን ተቀበሉ።

“ጫማው ጥላ የለውም” አሉ። “ብርሃኑ ከላይ ይወርዳል፣ ያንተ ጫማ አየር ላይ ተንሳፍፏል። ይህን ሁሉ ጊዜ ያንገበገበኝ እሱ ነው። እንዲህ ሆኖ ስሜ ባለበት ሥዕል ላይ አይቀመጥም።”

“ታዲያ ጥላ ይሥሩለት። እኔ ማጥፋቱን እንጂ መሥራቱን መቼ ከለከልኩ?”

“ብሩሼን ጠጉር አልባ አድርገህ?”

“በጣትዎ ይሥሩት፣ ኡስታ።”

ሊስቁ ሲሉ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

እናቴ እስከዚያ ድረስ ምድጃው ላይ ሾርባ ታማስል ነበር። ሳትዞር ተናገረች።

“ሳፌት እፌንዲ፣ ጥላውን ሲሠሩ በቀኝ በኩል ቦታ ይተዉ።”

“ለምኑ፣ ናዚሬ ሃኒም?”

“ለዚህኛውም ልጄ ጥንድ።”

ሆጃ መጻፍ አቆሙ። ይህንንም ይጻፉት አልኳቸው። ኡስታ ፈረሙ።

ቃሌ በዚህ ያበቃል። ሁለት ሽማግሌ ከሥራቸው አስፈትቼ፣ እህቴን አስለቅሼ፣ ይህን ሁሉ ቀለም ማስፈጀቴን ይቅር በሉኝ። ነገሩ ያን ያህል አልነበረም፤ አውራ ጣት የማታህል ጫማ ናት።

ተናዛዥ፦ ፈህሚ፤ ፊርማው የተንጋደደው በሳሉ ምክንያት ነው።
ጸሐፊና ምስክር፦ ኢማም ታህሲን።
ምስክር፦ ሠዓሊ ሳፌት።