አንተ የወረድክበት የጋዝ ጉድጓድ

ይማሜ፣

ከሄድክ ወዲህ ማሽላው አንዴ ታጭዷል፤ የዘንድሮው ደግሞ እያሸተ ነው። አላህ ይዘንልህ ብዬ ልጀምር ነበር። ነገር ግን ዕድሜውን ሙሉ አላህ የለም ሲለን የኖረው ካድሬ ቀብርህ ላይ ይህንኑ ቃል ስለተናገረው፣ ከእሱ አፍ የወጣውን መድገም ዘገነነኝ።

ቤቱ ቆሟል። ልጃችን ከድጃ አግብታ ሐይቅ ከተማ ገብታለች፤ ባሏ ዓሣ ያወጣል። ዳማው በሬ የለም። አገዳችሁን ለጋዙ ጉድጓድ አስረክቡ ተባልን፤ አስረከብን፤ በበጋ የሚበላው አጥቶ ጎድኑ ሲቆጠር ሸጥኩት። ያ ሁሉ አገዳ ጉድጓዱ ዙሪያ ቤት አክሎ ተከምሮ ዝናብ መታው። አሁን ጥቁር ጭቃ ሆኖ ትል ይርመሰመስበታል። በዚያ ካለፍኩ ሽታው ከልብሴ አይለቅም።

ነገሩ ከመነሻው ውሸት ቢሆን እንዲህ ባልጠላሁት ነበር። የተከተፈ አገዳና እበት በውኃ በጥብጠው አፍኑት፣ ጋዝ ይሰጣችኋል ሲሉን አብረን ሄደን ማሳያ ጣቢያው ላይ አይተናል። ሰማያዊ እሳት፣ ጭስ የሌለው። ስንመለስ ከአምባሰል ተረተር እንጨት ተሸክሜ የምወርደው ነገር ሊያበቃ መሆኑን እያወራህ መንገዱን ጨረስከው። እኔም አመንኩ።

ጉድጓዱን የቆፈራችሁት እናንተ የመንደሩ ወንዶች ናችሁ። ግንበኛው በሲሚንቶ ለስኖት እንደሄደ የእህል ጉድጓድ እንደምናደርገው አደረጋችሁት፤ እንዲደርቅ ብላችሁ ውስጡ አገዳ አነደዳችሁበት። ማሽላ የሚገባበት ጉድጓድ ሳይታጠን ይሞላል እንዴ? ሲሚንቶ ግን ጭቃ አይደለም፤ ተሰነጠቀ። ይህን የሚነግራችሁ አንድ ሰው አልነበረም። ከከተማ የመጡት ቁፋሮው ሲጀመር ንግግር አድርገው ሄደዋል፤ የሚመለሱት ለምረቃው ነው።

በእበቱና በአገዳው ሲሞላ ፈሳሹ በስንጥቁ ሾልኮ የምንጠጣው ምንጭ ውስጥ ገባ፤ የተባለው እሳትም ሳይነድ ቀረ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ፈሳሹን አስቀድቶ ሲያበቃ ወርደህ ስንጥቁን ድፈነው አለህ። "የታፈነው አየር ይውጣ፣ ክፍቱን ይደር" አልከው። "እንግዶቹ ነገ ናቸው። ደግሞ ይሄ ያባትህ የእህል ጉድጓድ አይደለም" አለህ። ሰው ሁሉ ሳቀ። አንተም ሳቅክና ወረድክ። ሁለተኛ ድምፅህን አልሰማንም። ጎረቤታችን አያ መኮንን አፉን በጋቢ አስሮ ወርዶ በገመድ አወጣህ። እሱም ከዚያ ወዲህ ደረቱ አልዳነም።

እንግዶቹ በማግስቱ አልመጡም። የመጡት አሁን፣ ባለፈው ወር ነው።

ከመምጣታቸው በፊት ሊቀመንበሩ ቤቴ መጣ። አንተ የተኛህበት መደብ ላይ ተቀመጠ። "አንቺ ዘሀራ፣ ክብሪቱን እንግዶቹ ፊት የምትጭሪው አንቺ ነሽ። የምርት አርበኛ ሚስት ነሽ" አለኝ። በቁምህ ሰነፍ ሲልህ የነበረ ሰው ነው። ጉድጓዱ ተጠገነ ወይ ብዬ ጠየቅኩት። "ይነዳል፤ አንቺ ብቻ ጫሪ" አለኝ።

የሚነደው እንዴት እንደሆነ አያ መኮንን ነገረኝ። ከደሴ የቡታጋዝ ሲሊንደር አምጥተው ጉድጓዱ አጠገብ ካለው ግድግዳ ጀርባ ደብቀው፣ ጎማውን በመሬት ውስጥ ስበው ለምረቃው ከተሰቀለው ፋኖስ ጋር አገናኝተውታል። "ጉድጓዱማ እንደኔ ደረቱ ተዘግቷል እቴ፤ የሚተነፍሰው ሲሊንደሩ ነው" ብሎ እስኪያስለው ሳቀ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም። እንግዶቹ ካመኑ በየገበሬ ማኅበሩ እንዲህ ያለ ጉድጓድ ይቆፈራል። ሌላ ሰው ያጥነዋል፣ ይሰነጠቃል፣ ሌላ ሰው ይወርዳል።

በዕለቱ ሕዝቡ ተሰበሰበ። ክብሪቱን ሰጡኝ። ያዝኩትና አልጫርኩም። ባሌ የሞተው እዚህ ውስጥ ነው፣ ጉድጓዱ ዛሬም ስንጥቅ ነው፣ ጋዙ ያለው ከግድግዳው ጀርባ ነው አልኩ። አልጮህኩም። ሊቀመንበሩ "ሐዘን ነው ጓዶች፣ አእምሮዋን ነክቷታል" አለ። የእንግዶቹ አለቃ ወደ ግድግዳው ጀርባ ሄደ። ሲሊንደሩን አየው፤ ሲያየው አየሁት። ልቤ "ደረሰልኝ" አለ። ተመልሶ መጥቶ "ለማሳያ ነው፤ ይገባናል" አለና ክብሪቱን ከእጄ ወስዶ ራሱ ጫረው። ፋኖሱ በራ። አጨበጨቡ።

ከዚያ ሙክት በሉ። የበሰበሰው አገዳ በነፋስ ሲሸታቸው ጀርባቸውን አዙረው ተቀመጡ እንጂ መብላታቸውን አላቆሙም። የተላሰ አጥንት ወደ ጉድጓዱ አጠገብ ሲወረውሩ አየሁ። ጥግ ሄጄ አስመለስኩ፣ ይማሜ። ይህንን ያልጻፍኩልህ እንደሆነ ዋሸሁህ ማለት ነው።

አርዲቦ በኩል ቁፋሮው አልቆ ልስን ላይ መድረሳቸውን ገበያ ላይ ሰማሁ። በማግስቱ በእግሬ ሄድኩ። ስደርስ ልስኑ ገና እርጥብ ነው፤ ሰዎቹ ሊያጥኑት አገዳ እየወረወሩበት ነበር። ቁጭ ብዬ ከጠርዙ ላይ አገዳውን በእጄ መሳብ ጀመርኩ። አንዱ "ምን ሆንሽ አንቺ ሴት፣ ሳይታጠን ሊሞላ ነው?" አለኝ። ነገርኩት። ሲሚንቶ በእሳት አይደርቅም፤ ጥላ አብጁለት፣ ውኃ አጠጡት አልኩ። አንዴ ከሞላ ወዲህ ማንም ቢያዝ፣ እንግዳ ደርሷል ቢሏችሁም ውስጡ አትውረዱ አልኩ። ከዚያ አንዱ ገብቶ የቀረውን አገዳ አወጣው።

ይህን ማን ነገረሽ አሉኝ። ስምህን ነገርኳቸው፤ የሞትከውንም አሟሟት እንደሆነው ነገርኳቸው። አርበኛ አላልኩህም።

የት የት እንደሚቆፈር እያጠያየቅኩ ነው። እግሬ እስከቻለ ድረስ ሲሚንቶው ሳይደርቅ እደርሳለሁ፤ ስምህን በየጉድጓዱ አፍ ላይ እናገራለሁ። አንተን የማስታውሰው እንዲህ ነው።

ዘሀራህ