ከቆርቆሮው ያልወጣ ሽታ

ይድረስ እናት ሆነሽ ላሳደግሽኝ እትዬ፦

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽን ተሻለሽ ወይ? ጋሼንስ ሳሉ ለቀቃቸው? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን፣ አሁን ደህና ነኝ። «አሁን» ማለቴን አይተሽ እንደምትደነግጪ አውቃለሁ፤ ሁሉንም እነግርሻለሁና ረጋ ብለሽ አንብቢው።

ሥራዬ የቤት ዕቃ ላይ ቀለም መርጨት መሆኑን ታውቂያለሽ። ስንጨርስ መርጫውን የማጥበው አሴቶን በሚባል ፈሳሽ ነው፤ ሴቶች የጥፍር ቀለም የሚያስለቅቁበት ማለት ነው። ሽታው ጣፈጥ ብሎ አፍንጫ ይወጋል። ባለፈው ወር ክፍሉን አብሮኝ የተከራየው ፀጉር አስተካካይ «ይህን ነገር አራግፈህ ግባ እንጂ» አለኝ። ልብሴን ውጭ አወለቅሁ፤ አልቀረም። ታጥቤም ገባሁ፤ አልቀረም። በኋላ ወርክሾፑ ለጥገና ተዘግቶ አንድ ሳምንት ሙሉ የአሴቶኑን ቆርቆሮ በዓይኔ አላየሁም፤ ሽታው ግን ባሰ አለኝ። እኔን ግን ምንም አይሸተኝም። እሱ አልጋዬ ሥር በባትሪ ፈተሸ፣ ፍራሼን ፀሐይ ላይ አወጣ፣ በመጨረሻ የራሱን አልጋ ወደ በሩ ጎተተው። እኔ ደግሞ ውሃ አልጠግብ አልኩ፤ ሱሪዬም ከወገቤ አልቆም አለ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አከራያችን፣ እማማ የምንላቸው መበለት፣ አንሶላ ይዘው መጡና የበሩ ደፍ ላይ ቀጥ አሉ። አየሩን አሸተቱ። ቀስ ብለው «አሁንም እዚህ ነው?» አሉ። ማን እንደሆነ ብጠይቃቸው፣ ከእኔ በፊት በዚያ አልጋ ይተኛ የነበረ ልብስ ሰፊ መሆኑን ነገሩኝ። በመጨረሻ ሳምንቱ ክፍሉ እንዲሁ ሊበላሽ የደረሰ ፍራፍሬ ይሸት ነበር፤ አንድ ጠዋት ቢያንኳኩ አልከፈተም። ግድግዳውን ሁለቴ አስቀብተውታል። ከዚያ ጠጋ ብለው አፌን አሸተቱ። ፊታቸው አመድ መሰለ። «ከግድግዳው አይደለም ልጄ፣ ካንተ ነው» አሉኝ።

ልነሳ ብል እግሬ ከዳኝ። እሳቸውና ፀጉር አስተካካዩ ደግፈው ሐኪም ቤት አደረሱኝ። ሐኪሟ ደሜን አስመርምራ የስኳር በሽታ ነው አለች። ሰውነቴ ኢንሱሊን አጥቶ ስኳሩን መጠቀም ስላቃተው ስቡን ሲያነድ ከርሟል፤ ከዚያ የሚወጣው ኬቶን የሚባል ነገር ተጠራቅሞ ደሜን አሲድ አድርጎታል። ከኬቶኖቹ አንዱ በትንፋሽ ይወጣል፤ እሱም አሴቶን ነው። «መርጫ የማጥብበት?» አልኳት። «ያው ራሱ። የቆርቆሮውን ፋብሪካ ይሠራዋል፣ ያንተን ጉበትህ ሠራው» አለች። እትዬ፣ ያን ስሰማ ጀርባዬን በረደኝ። አራት ቀን ተኝቼ ወጣሁ፤ አሁን የኢንሱሊን መርፌውን ራሴ እወጋለሁ።

ልብስ ሰፊውን ምን እንደገደለው ማንም አልመረመረም። እማማ ግን ሥራ ስወጣ በር ላይ ያስቆሙኝና «ተንፍስ» ይሉኛል። ዓይናቸውን ጨፍነው ያሸታሉ። አንዳንድ ቀን ቶሎ አይገልጡትም፤ እኔም ሳልንቀሳቀስ እጠብቃለሁ። ከዚያ «ሂድ» ይሉኛል።

ጋሼን እጅ ነስቷል በይልኝ። ትልቁን ልጅሽን በትምህርቱ እንዲበረታ ንገሪው። ትንሿን ስለ እኔ አገላብጠሽ ሳሚያት፤ ስትስሚያትም ትንፋሿን አሽትቺ።

ወንድምሽ
ከተከራየሁበት ክፍል፣ ኅዳር 12 ቀን