ሩፋኤል ያረጠበው ጊታር

እሑድ፣ ጳጉሜን 1 ቀን 1973

ዋሸሁ። እዚህ ደብተር ላይ ካልጻፍኩት የት ልጽፈው ነው?

ረፋዱ ላይ የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ጓድ ይመር በራሱ እግር ቤቴ ድረስ መጣ። ቁጭ በል ብለው አልቀመጥም አለ። መስከረም ሁለት የኪነት ቡድኑ ሜዳው ላይ ሲወጣ እኔም ጊታሬን ይዤ አብሬ እንድወጣ ተወስኗል። ካልወጣሁ ጊታሩ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ከሚቀር ወልድያ ለሚገኘው የአውራጃ ኪነት ይሰጣል። “አንተን የመሰለ በትልቅ ባንድ የተጫወተ ሰው እያለን እኛ በከበሮና በማሲንቆ ብቻ እንውጣ?” አለኝ። በትሕትና ነው የተናገረው። ያስፈራኝም ትሕትናው ነው።

እውነቱ ይኸውና። በምንም ባንድ ተጫውቼ አላውቅም። ደሴ ተማሪ ሳለሁ ቅዳሜ ቅዳሜ ለአንድ ባንድ ሽቦ እዘረጋ፣ ድምፅ ማጉያ እሸከም ነበር። ሰዓት እላፊ መጥቶ ባንዱ ሲበተን ይህ ጊታር እኔ ዘንድ ቀረ። ከሁለት ዓመት በፊት ላሊበላ ለማስተማር የተመደብኩ ሰሞን አንድ መምህር ጊታር የት እንደተማርኩ ሲጠይቀኝ “ባንድ ውስጥ ነበርኩ” አልኩት። ወሬው እግር አወጣና ብልባላ ድረስ ሄደ። እኔም ደስ ስላለኝ ዝም አልኩ።

ታዲያ ዛሬ ለጓድ ይመር ምን ብዬ ልመልስ? “ጊታሩ ተበላሽቷል፣ ድምፁ ጠፍቷል” አልኩት። “እንግዲያው እስከዚያ ይጠገን” ብሎኝ ሄደ። አከራዬ እማማ ዘውዴ በራቸው ላይ ቆመው ሁሉንም ሰምተዋል። “አይ ልጄን” እያሉ ከንፈራቸውን መጠጡልኝ።

ጊታሩ ምንም አልሆነም።

ሰኞ፣ ጳጉሜን 2

ሲዘንብ ዋለ። ከጋሸና መኪና ከመጣ ወር አለፈው፤ መንገዱ እስከ ጥቅምት አይደርቅም። ሽሽት እንኳ ብፈልግ ጭቃው አያሳልፈኝም።

ሥራ ስፈታ ዝርዝር መጻፍ ልማዴ ነው። ጊታር የያዘ ሰው ሁሉ ሳይሞት በፊት ሊያደርጋቸው የሚመኛቸው ነገሮች፦

ስድስቱንም ክር በአንድ ቀን በአዲስ መቀየር። (እኔ አንዱ ሲበጠስ አንዱን ነው የምቀይረው። አሁን ትርፍ የለኝም።)

ጣቱን ሳያይ መጫወት። (በጨለማ ይሆንልኛል። ብርሃን ካለ አያለሁ።)

የራሱ የሆነ አንድ ዜማ ማውጣት። (አለኝ። ግማሽ ነው።)

አንድ ሰው ማስተማር።

ከጥሩ ማሲንቆ ተጫዋች ጎን ተቀምጦ አለማፈር።

ሰው ፊት መጫወት። ብዙ ሰው ፊት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ጉልበቱ ሳይንቀጠቀጥ።

ሌሎቹ ቢቀሩም ይቀራሉ። የመጨረሻው ግን ገና ሽቦ ተሸካሚ ሳለሁ ከመጋረጃው ኋላ ሆኜ የተመኘሁት ነው። ሠላሳ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የማውቀው ሁለት ዘፈን ብቻ ነው፤ አንዱ በትዝታ ቅኝት፣ አንዱ በባቲ። ሁለቱንም ከእኔና ከግድግዳው በቀር የሰማ የለም።

“ተበላሽቷል” ያልኩት ጊታር እንዳይሰማብኝ ክሩ ላይ ጨርቅ ጣል አድርጌ ተለማመድኩ። ሞኝነቴ ራሴን አሳቀኝ።

ማክሰኞ፣ ጳጉሜን 3፣ ሩፋኤል



ጠዋት የመሠረተ ትምህርት መጻሕፍት ልቆጥር ትምህርት ቤት ሄድኩ። እንደ ልማዱ ሩፋኤል ዝናቡን ለቀቀው። ልጆቹ ልብሳቸውን ጥለው፣ አሳድገኝ እያሉ መንገዱን ሞልተውታል። ትልልቁም ሰው ለበረከት ራሱን እያስመታ ይሄዳል። እኔም ባርኔጣዬን አውልቄ እየረጠብኩ ተመለስኩ፤ ደስ ብሎኝ ነበር።

ግቢ ስገባ እማማ ዘውዴ የቤታቸውን ዕቃ ሁሉ ደጅ አውጥተው ደርድረዋል። እንስራ፣ ገበቴ፣ ሳፋ፣ የሊጥ ቡሃቃ። ከሳፋውና ከቡሃቃው መካከል ጊታሬ በጀርባው ተንጋሎ፣ አፉን ለሰማይ ከፍቶ ዝናቡን ይጠጣል። እሳቸው እላዩ ላይ ቆመው፣ እጃቸውን ዘርግተው ይጸልዩለታል።

ጮኽኩባቸው። እናቴን በሚያህሉ ሴት ላይ ጮኽኩ። “ምን አደረጉ? ገደሉት እኮ!” አልኩ።

ደነገጡ። “ድምፁ ጠፋ አላልክም ልጄ?” አሉ። “ሩፋኤል የስንቱን ዲዳ አፍ ፈትቷል። ለሰው የሆነ ለእንጨት አይሆንም ወይ ብዬ ነው።”

ሳነሳው ከሆዱ ውስጥ ውኃ ተንቦጫረቀ። ገልብጬ አፈሰስኩት። ጀርባው ከጎኑ ጋር የተጣበቀበት ቦታ አንድ ስንዝር ያህል ተላቅቋል፤ ጣቴ ይገባል። ጊታሩን ታቅፌ ገባሁና በሩን በኃይል ዘጋሁት።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ማንም አያንብብ። አልጋዬ ላይ ቁጭ ስል ንዴቱ በረደልኝ፣ ከሥሩም ሌላ ነገር ብቅ አለ። ደስ አለኝ። አሁን በእውነት ተበላሽቷል። ውሸታም አይደለሁም፣ ቅዳሜም ሜዳ ላይ አልቆምም፣ ወልድያም የተሰነጠቀ እንጨት አትፈልግም። ትከሻዬ ላይ የነበረው ሁሉ ወረደልኝ።

ከዚያ በግድግዳው በኩል ሰማኋቸው። ለብቻቸው ሆነው ያለቅሳሉ። ተነሥቼ መሄድ ነበረብኝ። አልሄድኩም።

ረቡዕ፣ ጳጉሜን 4

ስነቃ ጊታሩ የለም። እማማ ዘውዴም የሉም።

ማን ወሰደው ብዬ ስጠይቅ ጎረቤቶች አየናቸው አሉ፤ በነጠላቸው ጠቅልለው፣ እንደ ሕፃን አቅፈው ወደ መሪጌታ እንግዳ ቤት ወጥተዋል። በሬን እንደማልቆልፍ ያውቃሉ፤ እኔ ተኝቼ ነው ገብተው ያነሱት። ጫማዬን በቅጡ ሳላስር ተከተልኳቸው።

መሪጌታ እንግዳ ብራና ፋቂ ናቸው። ግቢያቸው በእንጨት ላይ በተወጠረ የፍየል ቆዳ የተሞላ ነው። እማማ ዘውዴ ጥግ ላይ ቆመዋል፣ አላዩኝም፤ ወይም እንዳላዩ ሆነዋል። መሪጌታ ጊታሩን ጭናቸው ላይ አጋድመው የተላቀቀውን ቦታ በጥፍራቸው ይነካካሉ።

“እሳት አስጠግተኸዋል?” አሉኝ። የለም አልኳቸው።

“ተመስገን። የረጠበ ብራና እሳት ያስጠጋ ብራናውን ያጣል። እንጨትም ያው ነው። ጥላ ይወዳል።”

የሠሩትን በዝርዝር ልጻፍ፣ ወደፊት ይጠቅመኛል። ክሮቹን በጥንቃቄ አረገቧቸው፣ አልፈቷቸውም። ውስጡን በደረቅ ጨርቅ አበሱ። ከቆዳ ሲፋቅ የሚወድቀውን ፍርፋሪ በሸክላ አፍልተው እንደ ማር ሲወፍር በላባ ቀቡት፤ መጽሐፍ ሲደጉሱም የሚያጣብቁት በዚሁ ነው። ከውስጥ በኩል አንድ ጣት ስፋት ያላት የብራና ቁራጭ ደረቡበት። ከዚያ ወገቡን በጠፍር ጠፈሩት። እስከ ዓርብ እሳቸው ዘንድ እንዲቆይ፣ ማንም እንዳይነካው አሉ።

ዘፈን ያስጠይቀኛል ብለው ይተውታል ብዬ ፈርቼ ነበር። ገብቷቸው ሳቁ። “መዝፈኑ ያንተ ኃጢአት ነው። እኔ ያጣበቅኩት እንጨት ነው” አሉኝ።

ስንመለስ እማማ ዘውዴ ፊት ፊት ሄዱ። ቁልቁለቱ ላይ ክንዳቸውን ልይዝ ብል “ግድ የለም” አሉኝ። እህል አልወርድልህ አለኝ። ደግሞ ፍርሃቱ ተመለሰ፤ ዓርብ ከዳነ ቅዳሜ አለች።

ሐሙስ፣ ጳጉሜን 5

ዛሬ ተናገርኩ።

ጠዋት ልብሳቸውን ለባብሰው፣ ዘንጋቸውን ይዘው ሲወጡ አገኘኋቸው። ወዴት ነው ብላቸው ቀበሌ ነው አሉ። የሚሄዱበት ጉዳይ ይህ ነው፤ ጊታሩ ከልጁ ተወስዶ ለወልድያ እንዳይሰጥ፣ “ያበላሸሁት እኔ ነኝ፣ ቅጣት ካለም በእኔ ይሁን” ሊሉ። በእኔ ውሸት እሳቸው ጓድ ይመር ፊት ሊቆሙ።

ደጁ ላይ ቆሜ ሁሉንም ነገርኳቸው። ጊታሩ እሑድ ደህና እንደነበር፣ የፈራሁት ሰው ፊት መውጣቱን እንደሆነ፣ የባንዱንም የሽቦውንም ጉዳይ። ማክሰኞ ሲላቀቅ ደስ ብሎኝ እንደነበር ሳይቀር ነገርኳቸው። ያን ባልናገር ይሻል ነበር ይሆን?

ዘንጋቸውን ተደግፈው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ፣

“ቁጣህን የቻልኩት ጥፋቱ የኔ ነው ብዬ ነው” አሉ። “እንግዲህ ቁጣው የኔ ነው። እኔ እስካናግርህ አታናግረኝ።”

ገብተው በራቸውን ዘጉ። እንደ እኔ በኃይል አይደለም፤ ቀስ ብለው ነው። ቢሆንም ቀለለኝ። አምስት ቀን ሙሉ እንዲህ አልቀለለኝም።

ዓርብ፣ መስከረም 1 ቀን 1974

አዲስ ዓመት። ልጃገረዶቹ አበባ ይዘው ሲዘፍኑ ረፈደ። እማማ ዘውዴ በልጆቹ እጅ ድፎ ዳቦ ላኩልኝ። እንኳን አደረሰህ አላሉም።

ቀትር ላይ መሪጌታ ጠፍሩን ፈቱት። መጋጠሚያው ንቅንቅ አይልም። ክሮቹን እኔ አጠበቅኩ። አንዱን ትንሽ፣ ሌላውን ትንሽ፣ እንደገና የመጀመሪያውን። ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ። ዝገት ይዟቸዋል፣ ቢሆንም ስድስቱም ቻሉ። ድምፁ ትንሽ ወፈረ፤ ብራናዋ ነው መሰለኝ። አልጠላሁትም።

ጨርቅ ሳላደርግ እስኪመሽ ተለማመድኩ። ከግድግዳው ማዶ እማማ ዘውዴ እንዳሉ አውቃለሁ። የትዝታው ዘፈን ሦስተኛው መመለሻ ላይ ሁልጊዜ እስታለሁ። ዛሬም ሳትኩ።

ከተቀየመኝ ሰው ይልቅ ነገ የሚያየኝ ሕዝብ ነበር የሚያስፈራኝ። አሁን ተገልብጧል።

ቅዳሜ፣ መስከረም 2

ጊታሩ ቤቱ ነው። ይህን አስቀድሜ ልጻፈው።

ሜዳው ጢም ብሎ ነበር። የብልባላ ሰው ሳይቀር ጭቃውን አቋርጦ መጥቷል። ንግግሩ ረዘመ፤ እኔ ከኪነት ልጆቹ ኋላ ቆሜ ወደ ቤት የሚወስደውን መንገድ አያለሁ። ስሜ ሲጠራ ጊታሩን ደረቴ ላይ ጠብቄ ይዤ ወጣሁ። በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ፣ የኪነቱ አዝማሪ ሞላ ማሲንቆውን ይዞ አጠገቤ ተቀመጠ። ከፊት፣ መሬት ላይ፣ እማማ ዘውዴን አየሁ። ነጭ ለብሰዋል። ፊታቸው አይፈታም።

በትዝታው ጀመርኩ። ፈጠንኩ። ሦስተኛው መመለሻ ላይ እንደ ልማዴ ሳትኩና እጄ ቆመ። ሞላ በማሲንቆው ክፍተቱን ሸፈነልኝ፤ ዜማው ሲዞር ይዤ ገባሁ። ባቲው ይሻል ነበር። ጣቴን አየሁ እንጂ ሰው አላየሁም፣ ግን እስከ መጨረሻ ደረስኩ። ጭብጨባውን የሰማሁት ዘግይቶ ነው።

ከዚያ የፈራሁት መጣ። “ይደገም! ሌላ!” አሉ። ጓድ ይመር ራሱ ተነሥቶ፣ “መምህር፣ ከዚያ ከባንዱ አንድ አሰማን” አለ።

ተነሥቼ ቆምኩ። ሌላ እንደማላውቅ፣ በባንድ ተጫውቼ እንደማላውቅ፣ ድምፅ ማጉያ ተሸካሚ እንደነበርኩ ተናገርኩ። ድምፄ ቀጠነብኝ፣ ግን ተሰማ። የጓድ ይመርን ፊት ለማየት አልደፈርኩም።

ቀድመው የተናገሩት እማማ ዘውዴ ናቸው። ከተቀመጡበት ሳይነሡ፣ ሁለት ቀን ሙሉ በነፈጉኝ ድምፅ፣

“እንግዲያው የመጀመሪያውን ድገመው” አሉ። “እሱን ተሳስተሃል። ትናንት እስኪመሽ ስትሳሳት ሰምቼሃለሁ።”

መጀመሪያ የሳቀው ሞላ ነው። ቀጥሎ ሜዳው ሁሉ። ጓድ ይመርም ሳቀ፤ ሊይዘው ሞክሮ አቃተው። እኔም እየሳቅኩ ተቀመጥኩ፣ እየሳቁ ደግሞ መንቀጥቀጥ አይቻልም። ቀስ ብዬ ጀመርኩ። ሞላ ተከተለኝ። ዜማውን የሚያውቁት ሴቶች ተቀበሉን፣ ከዚያ ወንዶቹ። ሦስተኛው መመለሻ መቼ እንዳለፈ አላወቅኩም። ቀና ብዬ ሰዉን እያየሁ ነበር።

ሲያበቃ ጓድ ይመር መጥቶ የተጣበቀውን ቦታ በእጁ ዳሰሰ። “ለወልድያ ድምፅ ማጉያ ተሸካሚ አይጠቅማትም፤ ወጥተህ ተጫውተሃልና ጊታሩም አንተው ዘንድ ይሁን” አለኝ። ከኪነት ልጆቹ ሁለቱን እንዳስተምርም አዘዘኝ። እኔ አንድ ብቻ ነበር የተመኘሁት።

ከእማማ ዘውዴ ጋር አብረን ተመለስን። ቁልቁለቱ ላይ ክንዳቸውን ሰጡኝ። ብዙ አላወሩም፤ መሪጌታ እንግዳ ከአጥሩ ጀርባ ተደብቀው ሲሰሙ እንዳዩአቸው ብቻ ነገሩኝ። ደጃችን ስንደርስ፣ “ነገ ቀን ላይ ለኔ ለብቻዬ ትመታልኛለህ። ቁጣዬ ገና ግማሽ ነው የወጣልኝ” አሉ።

እሺ አልኳቸው። ዳቦው ተርፎ ነበር፤ ተቀምጬ ጨረስኩት። ርቦኝ ኖሯል።