እስካሁን "አሳርፍ" ያለን የለም

ውድ ሃምሳ አለቃዬ፣

እንደምን ሰነበቱ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ፤ ከጉልበቴ ጋር ብቻ ተኳርፈናል። ልጅዎ ጋ ስደውል፣ "ጋሼ፣ አባባ ስልክዎን አላነሳም ብሏል። ‘እነዚያ ቀልደኞች’ እያለ ነው የሚያነሳችሁ" አለችኝ። ስለዚህ ደብዳቤ ጻፍኩ። ስልክ ጆሮዬ ላይ ይዘጉብኛል፤ ደብዳቤ ግን ቀድደው ቢጥሉት እንኳ፣ እንደማውቅዎ ከሆነ፣ እስከ መጨረሻው ሳያነቡ አይቀድዱትም።

ያን የደወልኩ ቀን እርስዎ የሰሙት እንዲህ ነው። እኔ "ሃምሳ አለቃ፣ ቆመን ቀርተናል፣ እባክዎ ያሳርፉን" አልኩ። ወዲያው ሳቅ ተሰማ። እርስዎም "እግር በሌለው ሰው ፊት በመቆም ትቀልዳላችሁ?" ብለው ዘጉት። በእርስዎ ቦታ ብሆን እኔም እዘጋው ነበር። በተለይ ከዚያ ከሦስተኛ ፎቁ ጉዳይ በኋላ። የጡረታ ቢሮ ሰዎች እግርዎ እንደተቆረጠ ለማረጋገጥ ራስዎ ደረጃውን ወጥተው ይምጡ ያሉን ቀን፣ እኔና ጓዳችን ጥሩምባው በወንበር ተሸክመንዎት ስንወጣ፣ ጸሐፊዋ ቀና ብላ "ውይ፣ እንዲህ መውጣት ከቻሉማ ምኑን ተቸገሩ?" ያለችዎትን አልረሳሁም። እርስዎም አልረሱም። ሻንጣዎን ይዘው ወደ ልጅዎ ከተማ የሄዱት በዚያው ሳምንት ነው።

ግን ሃምሳ አለቃ፣ ያን ቀን የነገርኩዎት እውነት ነበር። ቆመን ቀርተን ነበር። ከመጀመሪያው ልንገርዎ።

አንድ ከሸሚዙ እስከ ካልሲው የተኮሰ ወጣት ቁልፍ ሊያስቀርጽ ሱቄ መጣ። ግድግዳዬ ላይ የወታደርነት ፎቶዬን አይቶ ዓይኑ በራ።

"አባባ፣ ወታደር ነበሩ እንዴ? ዩኒፎርሙስ አለ?"

"ዩኒፎርሙም አለ፣ እኔም አለሁ።"

"በጣም ጥሩ! ዩኒፎርሙን እንዳይረሱ" አለኝ።

ለካ አስተዳደሩ "የባለውለታዎች ቀን" አዘጋጅቶ ይህ ልጅ አስተባባሪ ነው። ስለ እርስዎ ነገርኩት፤ አለቃችን ናቸው፣ ዊልቸር ላይ ናቸው፣ መኪና ይላክላቸው አልኩ። ጥቂት አሰበና "ለፎቶው ቁመታችሁ አይመጣጠንማ" አለ። ይህን ልደብቅዎ አስቤ ነበር፤ ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ሰረዝኩት። በጸሎቴ መሃል ግን "ደብዳቤህ ግማሽ እውነት ከሆነ ቴምብሩን ለምን ትልሳለህ?" የሚል ሐሳብ መጣብኝ።

ታዲያ ለምን ሄድክ ይሉኛል። እኔም ራሴን ጠይቄያለሁ። መልሱ አያኮራም፤ ሰው እንዲያየኝ ፈልጌ ነው። ጠዋት ተነስቼ ኮቱን ስለብስ አዝራሩ ልክ ገባ። ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማረው፣ በነበረችበት ዘመን በየጊዜው አዝራሩን ወደ ጠርዙ ትገፋልኝ ነበር። አሁን የሚያበስልልኝ ስለሌለ ወደ ቀድሞው ቦታው መልሼ ሰፋሁት። አስተባባሪው ሲያየኝ "ሰውነትዎን እንዴት ቢጠብቁት ነው!" አለኝ። "በሐዘን" ልለው ነበር፤ ቀኑን ላለማበላሸት ተውኩት።

ስድስት ነበርን። እኔ፣ አንድ ጆሮውን መድፍ የወሰደበት ጥሩምባው፣ ምግባችንን ሁሉ ጨው በጨው ያደርግ የነበረው ጨውዬ፣ እና ከሁለተኛው ጓድ ሦስት ሽማግሌዎች። በስብሰባ አዳራሹ ግቢ ድንኳን ተተክሏል፣ ነጭ ልብስ የለበሱ ወንበሮች ተደርድረዋል። እኛን ከድምፅ ማጉያው አጠገብ አሰለፉን። ጥሩምባው በደህናው ጆሮው በኩል ስለቆመ እሱንም ሊያጣው ነበር።

ትንሽ ቆይቶ የክቡር እንግዳው መኪና በር ላይ ደረሰ ተባለ። አስተባባሪው ማይኩን ይዞ ሳንባው የቻለውን ያህል "ተጠንቀቅ!" አለ።

እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ ሃምሳ አለቃ። አእምሮዬ "ይሄ ልጅ ማነው?" ብሎ ሳይጨርስ ተረከዜ ተጋጭቷል። የስድስታችን ጫማ አንድ ላይ ጧ! ሲል ሕዝቡ አጨበጨበ።

መኪናው ግን የእንግዳው አልነበረም፤ ኬኩን ያመጣው ነበር። እንግዳው ሌላ ፕሮግራም ገጥሟቸው ቀርተዋል። አስተባባሪው ላብ በላብ ሆኖ "ክቡራትና ክቡራን፣ ወደ አዳራሹ እንግባ" አለ፤ ሕዝቡ ኬኩን ተከትሎ ገባ። እኛን ያሳረፈን የለም።

መጀመሪያ ይመለሳል ብለን ጠበቅን። ከዚያ ጨውዬ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ፣ "እኔ ልቀመጥ ነው" አለ።

"ማን አሳረፈህ?" አለ ጥሩምባው።

"ጉልበቴ።"

"የጉልበትህ ማዕረግ ስንት ነው?"

ጨውዬ አልተቀመጠም። ሞኝነት ነው ይሉ ይሆናል። እኔም በቆምኩበት አሰብኩት፤ በፈጣሪ ፊት ለጸሎት ስቆም ገና ከመጀመሬ ወገቤን የማሽ ሰው፣ ለኬክ መኪና እንዲህ ቀጥ ማለቴ አሳፈረኝ። ግን የያዘን ልጁ አልነበረም። ያ ቃል ሲጠራ ቀጥ ማለት ከወጣትነታችን የቀረን አንድ ነገር ነው፤ እሱንም በገዛ እጃችን እናፍርሰው?

ወንበር አከራይዋ መጣች፤ ወገቧን በነጠላ ያሰረች፣ ድምፀ ትልቅ ሴት። ሠራተኞቿ ወንበሮቹን እየደራረቡ መኪና ላይ ይጭናሉ። እኛ ጋ ስትደርስ ቆም ብላ ከላይ እስከ ታች አየችን።

"አባቶቼ፣ እናንተም የኪራይ ናችሁ?"

"አይደለንም" አልኳት።

"እኮ ከየት ድርጅት ናችሁ? ቀላቅለን እንዳንጭናችሁ ብዬ ነው።"

ነገሩን ሳስረዳት መጀመሪያ በሳቅ ሞተች፤ ቀጥሎ ተናደደች። "በሉ እኔ ልበላችሁ፣ አሳርፍ!"

"እህቴ፣ ማዕረግሽን ንገሪን" አለ ጥሩምባው።

"የወንበር አከራዮች ማኅበር ሰብሳቢ ነኝ!"

"ለወንበር ይበቃል። ለእኛ አይበቃም።"

ስድስታችንም ተራ ወታደር ነን። ያለን ማዕረግ እርስዎ ብቻ ነዎት። እጄን ከጎኔ ማንሳት ስለማልችል ሴትዮዋ ስልኬን ከደረት ኪሴ አወጣች። "‘አለቃ’ የሚለውን ደውይ" አልኳት። ደወለችና እንደ ማይክ አፌ ሥር ያዘችልኝ። ያኔ ድምፅዎ መጣ። "ማነው እሱ!" አሉ፤ ያው የጥንቱ፣ ምሽግ የሚያስነሳው። የስድስታችንም ሆድ ባንድ ጊዜ ወደ ውስጥ ገባ።

የሳቅሁት እኔ ነኝ፣ ሃምሳ አለቃ። ሴትዮዋ ላይ አያሳብቡ፤ እሷ ያኔ እያለቀሰች ነበር። እኔ የሳቅሁት ከሄዱ ወዲህ ያን ድምፅ ስላልሰማሁ ነው። ልጅዎ "ሲናገር አይሰማም፣ ቀኑን ሙሉ ግድግዳ ነው የሚያየው" ስትለኝ ድምፅዎ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ለካ አለ! ልጅ የጠፋ ኳሱን ሲያገኝ እንደሚስቀው ነው የሳቅሁት። ለእርስዎ ግን እንዴት እንደተሰማ አሁን ሳስበው ፊቴን እሸፍናለሁ።

ከዘጉት በኋላ ዝናብ መጣ። ድንኳኑን ነቅለውት ስለነበር ዝናቡ ለእኛ ብቻ ዘነበ። አስተባባሪው ጃንጥላ ፍለጋ ሲወጣ አየንና ደንግጦ "እንዴ፣ እስካሁን አላችሁ?" አለ።

"አለን" አለ ጥሩምባው። "እናንተ ናችሁ ያላያችሁን።"

"በቃ ሂዱ እንጂ!"

"‘በቃ’ ትእዛዝ አይደለም።"

ልጁ "እብዶች ናቸው እንዴ?" ብሎ ሳይጨርስ ጨውዬ እንደ ጆንያ ተዘረረ። ጓድ ሲወድቅ ሰልፍ አይጠበቅም ብለው ያስተማሩን እርስዎ ነዎት። አምስታችንም ሰልፉን ሰብረን ተሸከምነው፤ ወንበር አከራይዋ የጭነት መኪናዋን ጋቢና ከፈተች። እኔ በልቤ ጸሎት እያደረስኩ ነው። ጨውዬ ግን አንድ ዓይኑን ገለጥ አድርጎ፣

"ምን ታለቃቅሳለህ? ሽንቴ ይዞኝ ነው" አለኝ። "እኔ ካልወደቅሁ እናንተ እስከ ነገ አትንቀሳቀሱም።"

ጨው ሲያበዛ የኖረው ሰው በሕይወቱ ሙሉ ልኩን ያገኘው ያን ቀን ብቻ ነው።

እና ሃምሳ አለቃ፣ አሁን የተቸገርነው በጥሩምባው ነው። "ሰልፉ የተሰበረው በቁስለኛ ምክንያት ነው፤ ያሳረፈን ግን የለም፤ ስለዚህ ትእዛዙ እንዳለ ነው" ብሎ ሱቄ ሲመጣ በርጩማዬ ላይ አልቀመጥም ይለኛል። ደንበኛ እያስደነገጠብኝ ነው። ባለፈው አንዲት ሴት ቁልፏን ልትወስድ ገብታ እሱን ስታይ፣ እኔ ዘብ የቆመልኝ ቱባ ባለሥልጣን መስያት ጫማዋን ጠርጋ ገባች።

በስልክ "አሳርፍ" ቢሉን ይበቃል ወይ ስለው እሱ ይበቃል አለ። እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት። በስልክ አልፈልግም። ይምጡ።

ደረጃ አለ እንዳይሉኝ፤ የሱቄን ደፍ አፍርሼ በሲሚንቶ ዊልቸር የሚያስገባ ዝቅ ያለ መግቢያ አሠርቻለሁ። ቁልቁለቱ ትንሽ ሳይበዛ አልቀረም መሰለኝ፤ አንድ ደንበኛ ተንሸራትቶ በቀጥታ ማሽኔ ፊት ደርሷል። ወንበር አከራይዋ ቅዳሜ የጭነት መኪናዋን ይዛ ደጅዎ ትመጣለች፤ "ይኼኛውን በክብር ነው የምጭነው" ብላለች። ልጅዎ ይህን ደብዳቤ ትራስዎ ላይ እንደምታስቀምጠው ቃል ገብታልኛለች።

ቅዳሜ ስድስታችንም ሱቁ ፊት ለፊት እንሰለፋለን። ኮቴን ተኩሼዋለሁ። ያ ልጅ "ቁመታችሁ አይመጣጠንም" ላለው መልሱን አግኝቼለታለሁ፤ ሰልፍን የሚመረምር ሰው ከሰልፉ ጋር አይቆምም፣ ከፊቱ ነው የሚያልፈው።

አንድ ልመና ብቻ አለኝ። ሲደርሱ "አሳርፍ" ለማለት አይቸኩሉ። እርስዎ ከዚህ ጫፍ እስከዚያ ጫፍ ቀስ ብለው እየሄዱ፣ መጀመሪያ ትንሽ ይዩን።

በተጠንቀቅ ያለሁ፣
ሬዲዮ ተሸካሚዎ፣ የዛሬው ቁልፍ ቀራጭ